ሚልት ስቴጋል፦ 147 ታችዳውን፣ ዜሮ ዋንጫ

ጁላይ 20 ቀን 2006፣ ኤድመንተን፣ ኮመንዌልዝ ስታዲየም። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ቀንና ዓመት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) በካናዳው የሞላላ ኳስ ሊግ እንግዳው ቡድን ዊኒፔግ ብሉ ቦምበርስ 22 ለ 19 እየተመራ ነው። ሰዓቱ ላይ የቀረው አራት ሰከንድ ነው። ኳሷ ያለችው በራሱ በዊኒፔግ 10 ያርድ መስመር ላይ በመሆኑ እስከ ባላጋራው የጎል መስመር ድረስ 100 ያርድ፣ በእኛ መለኪያ 91 ሜትር ከግማሽ ገደማ ይቀራል። የተሰጠው ሙከራ ደግሞ ሦስተኛውና የመጨረሻው ነው። አስተዋይ ደጋፊ መኪናው ያለበትን ቦታ ማሰብ የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

የዊኒፔጉ ወርዋሪ ኬቨን ግሌን ኳሷን ተቀብሎ ወደ ራሱ ጎል አፈገፈገና ያለ የሌለ ጉልበቱን አሰባስቦ ወደ ሜዳው እምብርት ላካት። የ36 ዓመቱ ሚልት ስቴጋል ተከላካዮቹን አልፎ እዚያ ደርሶ ነበር። ቀለባትና ሮጠ፤ እስከ ጎል መስመሩ ድረስ ማንም አልደረሰበትም። በምድር ላይ በአራት ሰከንድ 91 ሜትር የሚሮጥ ሰው የለም፤ ግማሹንም የሚሮጥ የለም። ስለዚህ ሰዓቱ ያለቀው ጨዋታው ገና በመሀል ላይ ሳለ ነው። ደንቡ ግን ለጋስ ነው፤ ሰዓት ከማለቁ በፊት የተጀመረ ሙከራ ኳሷ እስክትቆም ድረስ እንዲቀጥል ይፈቅዳል። ኳሷን ይዞ የባላጋራን የጎል መስመር ማለፍ ታችዳውን ይባላል፤ ስድስት ነጥብም ያስገኛል። 19 ላይ ስድስት ሲደመር 25 ሆነ። ዊኒፔግ 25 ለ 22 አሸነፈ።

በካናዳ ይህን ኳስ የሚያስታውሱት በስቴጋል ስም ነው። እኔ ግን የግሌንን ክንድ አብሬ ሳላነሣ ላልፈው አልችልም፤ ምክንያቱም ያ ክንድ ከ16 ወር በኋላ ተሰበረ፤ በተሰበረ በሳምንቱም ስቴጋል በሕይወቱ የጎደለውን ብቸኛ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አጣው። ተቀባይ የሚባለው ተጫዋች እንጀራውን በሰው ምጣድ የሚጋግር ባለሙያ ነው። ዱቄቱም ቡኮውም የራሱ ሊሆን ይችላል፤ ምጣዱን የሚያሰማው ግን ሌላ ሰው ነው። የስቴጋልን 14 ዓመት የዊኒፔግ ቆይታ እንደ አንድ ጉዳይ ማጥናት የፈለግሁት ይህን ጥገኝነት እንደ እሱ አጉልቶ የሚያሳይ የሥራ ዘመን ስለማላውቅ ነው።

ወደ ሰውዬው ከመሄዴ በፊት ሜዳውን ላሳይ። «እግር ኳስ» ሲባል እኛ የምናስባት ድቡልቡል ኳስ ናት፤ የካናዳው ግን የአሜሪካው ሞላላ ኳስ የቅርብ ዘመድ ነው። ዘመድነታቸው ብዙዎችን ያሳስታል፤ ካናዳዊው የአሜሪካዊው ደካማ ቅጂ ይመስላቸዋል። ሁለቱን ጎን ለጎን ያየ ሰው ግን የተለያየ ዓይነት ተጫዋች እንደሚፈልጉ ቶሎ ይገባዋል። የአሜሪካው ሜዳ ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 100 ያርድ ርዝመት፣ 53 ያርድ ከትንሽ ወርድ አለው። የካናዳው ርዝመቱ 110፣ ወርዱ 65 ያርድ ነው፤ ከጎል መስመሩ ወዲያ ያለው ክልልም የአሜሪካው 10 ያርድ ሲሆን የካናዳው 20 ነው። በእያንዳንዱ ወገን የሚሰለፈው 11 ሳይሆን 12 ሰው ነው። አሥር ያርድ ለመራመድ አሜሪካ ውስጥ አራት ሙከራ ይሰጣል፤ ካናዳ ውስጥ ሦስት። የመጨረሻው ሙከራ አብዛኛውን ጊዜ ኳሷን በእግር መትቶ ለማራቅ ስለሚውል በተግባር የካናዳው ቡድን ያለው ሁለት ሙከራ ነው። በሁለት ሙከራ አሥር ያርድ የሚፈልግ ሰው በደረቱ እየገፋ ሦስት ሦስት ያርድ መልቀም አያዋጣውም፤ መወርወር አለበት። ስለዚህ ካናዳ የተቀባዮች አገር ናት።

ከሁሉም በላይ ለስቴጋል የተመቸው ግን አንድ ሌላ ደንብ ነው። በአሜሪካው ሊግ ኳሷ ከመነሣቷ በፊት መንቀሳቀስ የሚችለው አንድ አጥቂ ብቻ ነው፤ እሱም ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ እንጂ ወደ ፊት አይደለም። በካናዳ ከኋላ የተሰለፉት ተቀባዮች ሁሉም ወደ ፈለጉበት አቅጣጫ፣ ወደ ፊትም ጭምር፣ መሮጥ ይችላሉ፤ ኳሷ ስትነሣ መስመሩን አለማለፋቸው ብቻ ነው የሚጠየቀው። ይህን ሩጫ እዚያ «ዋግል» ይሉታል። ስቴጋል የሚጫወትበት የስሎትባክ ቦታ፣ ማለትም በዳር ተቀባዩና በመሀል ተጫዋቾቹ መካከል ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ መቆም፣ የዚህ ደንብ ዋና ተጠቃሚ ነው። ከኋላ ተንደርድሮ ይመጣል፤ ኳሷ በተነሣችበት ቅጽበት መስመሩን ሲያቋርጥ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ ደርሷል። ከፊቱ ያለው ተከላካይ ደግሞ ገና በቆመበት ነው። አንዱ ቆሞ፣ ሌላው በሙሉ ግልቢያ ላይ ሆኖ የሚጀመር የፈረስ ጉግስ ማለት ነው። ዋናው ችሎታ ሰዓቱን መጠበቁ ላይ ነው። ግማሽ እርምጃ የቀደመ ይቀጣል፤ ግማሽ እርምጃ የዘገየ ደንቡ የሰጠውን ብልጫ ያባክናል። ስቴጋል ይህን ልኬት ከማንም በላይ በደሙ ውስጥ ያስገባ ሰው ነበር።

የተወለደው ጃንዋሪ 25 ቀን 1970 ሲንሲናቲ፣ ኦሃዮ ነው። ኮሌጅም የተማረው እዚያው ኦሃዮ ውስጥ፣ ማያሚ ዩኒቨርሲቲ በሚባለው ነው (ፍሎሪዳ ካለው ጋር አይምታታብን)። በ1992 የአሜሪካው ሊግ አዳዲስ ተጫዋቾችን ሲመርጥ ስሙን የጠራ ቡድን አልነበረም። የትውልድ ከተማው ቡድን ሲንሲናቲ ቤንጋልስ ያለ ምርጫ አስፈረመውና ከ1992 እስከ 1994 እዚያ ቆየ። ብዙውን ጊዜ የሚሰለፈው ባላጋራው በእግር መትቶ የላካትን ኳስ ይዞ በመሮጥና በመሰል ሥራዎች ነበር፤ ኳስ ወደ እሱ የሚወረወርበት ቀን ጥቂት ነው። ቤንጋልስ በእነዚያ ሦስት ዓመታት ከ16 ጨዋታ ያሸነፈው በቅደም ተከተል አምስት፣ ሦስትና ሦስት ብቻ ነው። እንዲህ ባለ ቡድን ውስጥ ተረስቶ መቅረት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ አስቡት፤ ደካማው ቡድን እንኳ አልፈለገህም ማለት ነው። በ1995 ወደ ግሪን ቤይ ፓከርስ አቅንቶ የነበረ ቢሆንም ያ በርም አልተከፈተለትም። የውድድር ዘመኑ ከተጋመሰ በኋላ ዊኒፔግ ገባ። ዕድሜው 25 ነበር።

ዊኒፔግ በማኒቶባ ግዛት፣ በሜዳማው የካናዳ መሀል ላይ ያለች ከተማ ናት። ዛሬ ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት ስለሆነች ክረምቷን ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ የቀመሰው ያውቀዋል፤ ያልቀመሰው ቢነግሩትም አያምንም። የሊጉ መደበኛ ውድድር በበጋ ጀምሮ እስከ ኖቬምበር ስለሚዘልቅ ወሳኞቹ ጨዋታዎች የሚደረጉት ጣት በሚደነዝዝበት ወቅት ነው። የደነዘዘ ጣት ደግሞ ለተቀባይ ምን እንደሆነ ግልጽ ነው። ብሉ ቦምበርስ ባለሀብት የሌለው ክለብ ነው፤ በማኅበረሰቡ ስም የተያዘ፣ ትርፍ ለማንም የማያከፋፍል ድርጅት ነው። ከተማው ቡድኑን የሚያየው እንደ ዕድሩ ነው፤ ሲያሸንፍ የእኛ ነው ይላል፤ ሲሸነፍም ተሰብስቦ ያማል እንጂ ጥሎት አይሄድም።

ጥሎት ያለመሄዱ ነገር በ1997 ተፈተነ። በዚያ ዓመት ዊኒፔግ ከ18 ጨዋታ ያሸነፈው አራት ብቻ ነው። ስቴጋል በዚሁ ቡድን ውስጥ ሆኖ 61 ኳስ ቀልቦ 1,616 ያርድ አስገኘ፤ 14 ታችዳውንም አስቆጠረ። በአንድ ኳስ አማካዩ 26.5 ያርድ ነው። ይህች ቁጥር ብቻዋን ትንሽ ትቆይልን። በዚህ ስፖርት በአንድ ቅለባ 14 ወይም 15 ያርድ የሚያገኝ ሰው ጎበዝ ይባላል። 18 ያገኘ አስፈሪ ነው። 26.5 ማለት እጁ የገባች እያንዳንዷ ኳስ በአማካይ ከሜዳው ሩብ የሚጠጋውን አስጉዛለች ማለት ነው፤ ለዚያውም አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ሳይሆን 61 ጊዜ። እስከ ዛሬም የሊጉ ክብረ ወሰን ሆኖ የሚጠቀስ ነው።

እንዲህ ያለ ቁጥር በአራት ድል መታጀቡ ያስገርማል፤ ነገሩ ሲታሰብ ግን ሁለቱ የሚጣሉ አይደሉም። ቡድኑ ደጋግሞ በነጥብ ወደ ኋላ ሲቀር ደጋግሞ ሩቅ ይወረውራል። ሩቅ የሚወረወር ኳስ ደግሞ አብዛኛው ይባክናል፤ የተያዘው ግን ብዙ ያርድ ይሰጣል። ስቴጋል የቡድኑን ችግር ወደ ራሱ ያርድ የሚለውጥ ሰው ነበር ብል ማጋነን አይሆንም። ይህን የምለው ክብሩን ለመቀነስ አይደለም፤ በዚያ ሁኔታ ውስጥ ሌሎችም ተቀባዮች ነበሩ፤ 26.5 ያመጣ ግን የለም። በተከታዩ ዓመት፣ በ1998፣ ቡድኑ ባሰበት፤ 3 አሸንፎ 15 ተሸነፈ።

በእነዚያ ዓመታት ወርዋሪው በየጊዜው ይቀያየር ነበር። ከመካከላቸው አንዱን ስም ያዙልኝ፤ ኬንት ኦስቲን። በ1996 የመጨረሻውን የውድድር ዘመኑን የተጫወተው በዊኒፔግ ሲሆን ለስቴጋል ኳስ ከወረወሩት አንዱ ነው። ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ሁኔታው የተለወጠው ካሪ ጆንስ የወርዋሪነቱን ቦታ ሲይዝ ነው። በ2001 ዊኒፔግ 14 አሸንፎ 4 ብቻ ተሸነፈ፤ ጆንስም የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። በቀጣዩ ዓመት ሽልማቱ ከወርዋሪው እጅ ወደ ተቀባዩ እጅ አለፈ፤ የ2002 ምርጥ ተጫዋች ስቴጋል ሆነ። 106 ኳስ፣ 1,862 ያርድ፣ 23 ታችዳውን። ከዚያ በፊት በአንድ የውድድር ዘመን ከፍተኛው ኮሪ ፊልፖት በ1995 ያስቆጠረው 22 ነበር፤ ፊልፖት ደግሞ ኳሷን ከእጅ ወደ እጅ ተቀብሎ የሚሮጥ ተጫዋች ነው፤ በአንድ ጨዋታ አሥራ አምስት ሃያ ጊዜ ኳሷን ይነካል። ተቀባይ አምስት ስድስት ጊዜ ቢነካት ዕድለኛ ነው። ስለዚህ የ23 ክብደት ከ22 በአንድ ብቻ የሚበልጥ አይመስለኝም። ጆንስ በዚያው ዓመት ለታችዳውን የበቁ 46 ኳሶችን ወርውሯል። 46 እና 23 ጎን ለጎን ሲቀመጡ ሁለቱ ሰዎች ምን ያህል ተግባብተው እንደነበር ያሳያሉ።

እንዲህ ያለ መግባባት በቃል የሚፈጸም አይደለም። ጥሩ ወርዋሪ ተቀባዩ ወደሚገኝበት ቦታ አይወረውርም፤ ከሁለት ሰከንድ በኋላ ወደሚገኝበት ባዶ ቦታ ነው የሚወረውረው። ተቀባዩም ተከላካዩ በውጭ በኩል ከቆመ ወደ ውስጥ፣ በውስጥ በኩል ከቆመ ወደ ውጭ እንደሚታጠፍ ወርዋሪው አስቀድሞ ማወቅ አለበት። አንዱ ተሳስቶ ቢያነብ ኳሷ የምታርፈው በተከላካይ ደረት ላይ ነው። ባልና ሚስት እንኳ ይህን ያህል ለመግባባት ዓመታት ይፈጅባቸዋል።

ከዚህ መልካም ዘመን መሀል ግን አንድ ሌሊት አለ። ኖቬምበር 2001፣ ሞንትሪያል፣ ኦሎምፒክ ስታዲየም፣ ከ65 ሺህ በላይ ተመልካች። የሊጉ ፍጻሜ የሆነው ግሬይ ካፕ። ባላጋራው ካልጋሪ ስታምፒደርስ በመደበኛው ውድድር 8 አሸንፎ 10 የተሸነፈ ቡድን ነው። 14 ያሸነፈው ዊኒፔግ ዋንጫውን ለማንሣት መምጣቱ እንጂ ለመጫወት መምጣቱን ማንም ያሰበ አይመስልም ነበር። ካልጋሪ 27 ለ 19 አሸነፈ። ስቴጋል 31 ዓመቱ ነበር፤ ገና ብዙ ዕድል ያለው ይመስል ነበር።

ጆንስ በ2004 ወደ ካልጋሪ ተዛወረ፤ ምጣዱ እንደገና ተቀየረ። የተካው ኬቨን ግሌን ነው። ግሌን በየሄደበት የሚመሰገን፣ በየሄደበት የሚተካ ሰው ነበር፤ በሥራ ዘመኑ በሊጉ ዘጠኙም ቡድኖች የተጫዋቾች መዝገብ ላይ ስሙ ሰፍሯል። ስቴጋል በአንድ ከተማ 14 ዓመት ሲቆይ እሱ አገሩን ዞሮ ጨርሷል። የመጀመሪያው አንቀጽ ላይ ያየነው ወርወራ የእነዚህ ሁለት ሰዎች ነው። በነገራችን ላይ ያ ሽንፈት የኤድመንተን ብቸኛ ሐዘን አልነበረም፤ ቡድኑ በዚያው ዓመት ለ34 ተከታታይ ዓመታት ያላመለጠውን የጥሎ ማለፍ ውድድር አጣ። ዊኒፔግ 9 አሸንፎ በ9 ተሸንፎ ጥሎ ማለፉ ውስጥ ገባና በመጀመሪያው ዙር ቶሮንቶ 31 ለ 27 አሰናበተው።

አሁን ወደ 2007 ደረስን፤ የጉዳዩ ሁሉ ቋጠሮ ያለው እዚህ ዓመት ላይ ነው።

የሊጉ የታችዳውን ክብረ ወሰን ባለቤት እስከዚያ ዓመት ድረስ ጆርጅ ሪድ ነበር። ሪድ ከ1963 እስከ 1975 ለሳስካችዋን ራፍራይደርስ የተጫወተ፣ በሰው መሀል ሰንጥቆ የሚያልፍ ጉልበተኛ ነበር። ካስቆጠረው 137 ታችዳውን 134ቱን ያገኘው ኳሷን ይዞ እየሮጠ ነው። ክብረ ወሰኑ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሳይነካ ቆይቷል። ሳስካችዋን ደግሞ የዊኒፔግ ጎረቤት ግዛት ነው፤ የሁለቱ ቡድኖች ፉክክር የጎረቤት ፉክክር ነው፤ ማለትም ከሩቅ ጠላት ይልቅ የሚያንገበግብ። ስቴጋል በ2007 የሪድን ቁጥር አለፈ። የጎረቤት ንብረት በእጁ ገባ።

ቡድኑም እየተቃና ሄደ። ግሌን በዚያ ዓመት ከ5,000 ያርድ በላይ ወረወረ። ዊኒፔግ በጥሎ ማለፉ እየገፋ ለምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ደረሰና ቶሮንቶን 19 ለ 9 አሸነፈ። ትኬቱ ተቆረጠ። ነገር ግን በዚያው ጨዋታ፣ በአራተኛው ሩብ፣ የግሌን ክንድ ተሰበረ። አጥንት ደግሞ በሳምንት አይድንም።

ኖቬምበር 25 ቀን 2007፣ ቶሮንቶ፣ ሮጀርስ ሴንተር። በወርዋሪው ቦታ የቆመው ራያን ዲንዊዲ ነው። ይህ በሊጉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ የተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታው ነው። የመጀመሪያው! ለ18 ሳምንት ተጠባባቂ ሆኖ የቆመ ወጣት፣ የሊጉ ትልቁ ጨዋታ ላይ፣ የ37 ዓመት ሰው የመጨረሻ ሊሆን የሚችል ዕድል በእጁ ተሰጠው። ከዲንዊዲና ከስቴጋል መካከል ያቺ «ከሁለት ሰከንድ በኋላ የት ነህ?» የምትለው ስምምነት ከየት ትመጣለች? ለመምጣት ዓመታት ትፈልጋለች፤ የተሰጣቸው ግን የአንድ ሳምንት ልምምድ ነው።

ባላጋራው ማን ሆነና? ሳስካችዋን፤ የሪድ ቡድን። ሁለቱ ጎረቤቶች በግሬይ ካፕ ፍጻሜ ሲገናኙ ያ የመጀመሪያቸው ነው። አሠልጣኙስ? ስሙን ያዙልኝ ያልኩት ኬንት ኦስቲን፤ በ1996 ለስቴጋል ኳስ ይወረውር የነበረው። የሳስካችዋን ተከላካይ ጄምስ ጆንሰን ከዲንዊዲ እጅ የወጡ ሦስት ኳሶችን ጠለፈና የጨዋታው ኮከብ ተባለ። ሦስተኛዋ ጠለፋ የመጣችው ዊኒፔግ አንድ ታችዳውን ብቻ አጥቶ በነበረበት በማብቂያው ላይ ነው። 23 ለ 19። አራት ነጥብ፤ ልዩነቱ ከአንድ ታችዳውን ያነሰ ነው። በሊጉ ታሪክ ከማንም በላይ ታችዳውን ያስቆጠረው ሰው በሜዳው ላይ ነበር፤ የጎደለው ኳሷን ወደ እሱ የሚያደርስ የተለመደ እጅ ነው።

ዲንዊዲን ለመውቀስ ይህን የምጽፍ የሚመስለው አንባቢ ካለ አይደለም። ያ ወጣት በኋላ አሠልጣኝ ሆኖ ከቶሮንቶ ጋር በ2022 እና በ2024 ዋንጫውን አንሥቷል፤ በሁለቱም ፍጻሜዎች ያሸነፈው ማንን ነው ብትሉ ዊኒፔግን ነው። ጎበዝነቱ ጥያቄ የለውም፤ የዚያን ቀን ያልነበረው ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰነዘር ክርክር አለ። ዋንጫ ያላነሣ ተጫዋች ከታላላቆቹ ተርታ መሰለፍ የለበትም የሚል። በእኔ ግምት ይህ ክርክር ሁለት መዝገቦችን ይቀላቅላል። በአንድ ጨዋታ ውስጥ ኳሷን አምስት ወይም ስድስት ጊዜ ብቻ የሚነካ ሰው፣ በሌላ ሰው ክንድ ላይ የሚወሰን ሥራ የሚሠራ ሰው፣ የ12 ሰው ውጤት በስሙ ሊጻፍበት አይገባም። ግን ይህ ሚዛን በሌላው በኩልም መሥራት አለበት፤ 147ቱንም ታችዳውን ለብቻው አላመጣቸውም። ጆንስ አለ፤ ግሌን አለ፤ የሰፊው ሜዳና የዋግል ደንብም አሉ። ለሽንፈቱ ከጥፋት ነፃ ላወጣው የምፈልግ ሰው ለክብሩም ባለድርሻ እንዳለው መቀበል ግዴታዬ ነው። ይህን ስጽፍ ራሴን ትንሽ ቅር እያለኝ ነው፤ የምወደው ተጫዋች ነውና።

ታዲያ ሙሉ በሙሉ የራሱ የነበረው የቱ ነው? መቆየቱ ይመስለኛል። የካናዳ ሊግ ገንዘብ የሚገኝበት ቦታ አይደለም። በ2007 አንድ ሙሉ የካናዳ ቡድን ለተጫዋቾቹ ሁሉ እንዲከፍል የተፈቀደለት ጣሪያ 4.05 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በዚያው ዓመት የአሜሪካው ሊግ ጣሪያ ለአንድ ቡድን 109 ሚሊዮን ነበር። እንዲህ ባለ ልዩነት መሀል አሜሪካውያን ተጫዋቾች ካናዳን እንደ መሸጋገሪያ ድልድይ ማየታቸው አያስገርምም። ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ዓመት ይጫወቱና ወይ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ፤ ወይ ወደ ሌላ ሥራ ይሄዳሉ፤ ወይም በየቡድኑ ይዞራሉ። ስቴጋል 4 ለ 14 የተሸነፈውንም፣ 3 ለ 15 የተሸነፈውንም ዓመት እዚያው ዊኒፔግ አሳለፈ። በ2002 የሊጉ ምርጥ ሲባል እዚያው ነበር። 36 ዓመት ሲሞላው፣ እግሩ ላይ የሚመረኮዝ ሰው ሁሉ ቤቱ በሚቀመጥበት ዕድሜ፣ አሁንም እዚያው ነበር። በ14 ዓመት የለበሰው የካናዳ ማሊያ አንድ ነው፤ ቁጥሩም 85።

የመጨረሻው የውድድር ዘመኑ 2008 ነው። 38 ዓመቱ ነበር። በካልጋሪ የተጫወተው አለን ፒትስ የሊጉን የምንጊዜም የተቀባይነት ያርድ በ14,891 ይዞት ነበር፤ ስቴጋል አለፈውና 15,153 ላይ አቆመ። 854 ኳስ፤ በአንድ ኳስ በአማካይ 17.7 ያርድ፤ በአጠቃላይ 147 ታችዳውን፤ ከዚህም 144ቱ በቅለባ የተገኙ። የያርዱን ክብረ ወሰን ጌሮይ ሳይመን በ2012 ወሰደበት። የታችዳውኑ ግን በእጁ አለ። ቡድኑ በዚያ ዓመት 8 አሸንፎ በ10 ተሸነፈና በገዛ ሜዳው በጥሎ ማለፍ 29 ለ 21 ተረታ። ያሰናበተው ኤድመንተን ነው። በ2006 የመጨረሻዎቹን አራት ሰከንዶች መጠበቅ ያቃተው ኤድመንተን ብድሩን መለሰ ማለት ይቻላል።

በ2012 የካናዳ እግር ኳስ የዝና አዳራሽ ውስጥ ገባ። ከሜዳ ከወጣ በኋላ በቲ ኤስ ኤን ቴሌቪዥን የሊጉ ተንታኝ ሆኖ ተቀምጧል፤ ሱፉን አሳምሮ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሌሎችን ሲተች ለራሱ ወገን እንኳ የማይራራ ተንታኝ ነው። ኖቬምበር 2019 ካልጋሪ ላይ ዊኒፔግ ሃሚልተንን 33 ለ 12 አሸንፎ ከ29 ዓመት በኋላ ዋንጫውን ሲያነሣ እሱ ከተንታኞቹ ወገን ነበር። የ29 ዓመቱ ድርቅ ሲጀምር ዊኒፔግን በስም እንኳ የማያውቅ የኮሌጅ ልጅ ነበረ ማለት ይቻላል፤ ከድርቁ ግማሽ የሚጠጋውን ግን በትከሻው ተሸክሞታል።

የተጫወተበት የድሮው ስታዲየም በፖሎ ፓርክ የገበያ ማዕከል አጠገብ ነበር። በ2013 ፈረሰ፤ ክለቡም ወደ አዲስ ሜዳ ተዛወረ። በዚያ አካባቢ ዛሬ የሚያልፍ ሾፌር የመንገዱን ስም ቀና ብሎ ካነበበ «ሚልት ስቴጋል ድራይቭ» የሚል ያገኛል። የካናዳ ታክሲ ነጂዎች መካከል ስንት ሐበሻ እንዳለ ስለማውቅ፣ ከእነዚያ ሾፌሮች አንዳንዱ ይህን ጽሑፍ ሊያነብ እንደሚችል እገምታለሁ፤ በቀጣዩ ጉዞ ከኋላ የተቀመጠውን የዊኒፔግ ሽማግሌ ስለ 2007 ይጠይቀው፤ ስለ ስቴጋል ሳይሆን ስለ ግሌን ክንድ ማውራት እንደሚጀምር እወራረዳለሁ።